የቄሣር ብር በያዮ ገበያ

(በሬዲዮ ከተላለፈ መልእክት ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ገንዘብ ነው። አይዟችሁ፥ መባ ልሰበስብ አይደለም። የማወራችሁ እኔ ራሴ በአንዲት ትንሽ ሳንቲም እንዴት እንደተሸወድኩ፥ አንዲት ፊደል ያልቆጠሩ እናትም እንዴት እንዳተረፉን ነው።

ነገሩ የሆነው እዚሁ እኛ ጋ፥ ያዮ ነው። ቡናው ተለቅሞ፥ ደርቆ፥ ተሸጦ፥ ሰው በእጁ ጥቂት ገንዘብ የሚይዝበት ወቅት ነበር። ኢሉባቦርን የምታውቁ ይህን ጊዜ ታውቁታላችሁ፤ የሰርግም፥ የዕዳ መክፈያም፥ የአታላይም ወቅት ነው። ማኅበራችን ለጸሎት ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ መግዣ ማጠራቀም ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። አንዳንዱ ከቡናው፥ አንዳንዱ ከማሩ፥ አንዷ እናት ከዶሮዋ፥ እንዲህ እየተባለ የተሰበሰበ ገንዘብ ነው።

አንድ እሑድ አንድ እንግዳ ሰው ከመቱ በመጣ መኪና ወርዶ ጉባኤ ገባ። ከሁላችንም በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሜን ይላል። ጉባኤው ሲያበቃ ወደ ጓዳ ጠራኝና ከደረት ኪሱ ትንሽ የቆዳ ከረጢት አወጣ። «ወንጌላዊ፥ ይህን ለማንም አላሳየሁም። ጌታ በእጁ የያዛት ዲናር ናት። ከኢየሩሳሌም ናት፥ ከአያቴ ወረስኳት» አለኝ። ለቤተ ክርስቲያን ከሆነ በቆርቆሮው ገንዘብ ልክ ሊለቃት፥ እኛ ደግሞ አዲስ አበባ ወስደን አሥር እጥፍ ልንሸጣት።

ወገኖቼ፥ እውነቱን ልናገር፤ ዓይኔ በራ። ከጣሪያው አልፎ ግድግዳውም፥ ወንበሩም፥ ድምፅ ማጉያውም ታየኝ። ሳንቲሟን በመዳፌ ይዤ ጸለይኩባት። በሚቀጥለው እሑድም መድረክ ላይ ቆሜ እግዚአብሔር በር ከፍቶልናል ብዬ ተናገርኩ። ምን በር እንደሆነ ግን አላጣራሁም ነበር።

እስቲ አሁን ታሪኩን እዚህ ላይ ላቁመውና ያኔ ባውቀው ኖሮ ብዬ የተቆጨሁበትን ነገር ልንገራችሁ። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 22ን ታውቁታላችሁ። ፈሪሳውያንና የሄሮድስ ወገኖች ጌታን በነገር ሊያጠምዱት መጡ። ለቄሣር ግብር መስጠት ተፈቅዷል ወይስ አልተፈቀደም? ተፈቅዷል ቢል ሕዝቡ ይጠላዋል፥ አልተፈቀደም ቢል ሮማውያን ይይዙታል። እርሱ ግን ስብከት አልጀመረም። መጀመሪያ ያደረገው ሳንቲሙን አሳዩኝ ማለት ነው። ካሳዩት በኋላም ሁለት ነገር ጠየቀ፤ መልኩ የማን ነው፥ ጽሑፉስ የማን ነው? ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ መሰላችሁ! መልኩንና ጽሑፉን ማየት ግን ለራሴ አልመጣልኝም።

በሮማውያን ዘመን የተሠራ የብር ሳንቲም የሚታወቀው በእነዚሁ በሁለቱ ነው። ሦስተኛ ጨምሩበት፥ ክብደቱን።

ዲናር የሮማውያን የብር ገንዘብ ነው። መሠራት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ገበያው ላይ ቆየ። በጌታ ዘመን አንድ ዲናር የአንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ እንደነበረ ከወይን አትክልቱ ሠራተኞች ምሳሌ እናያለን። በመጠኑ ስታስቡት ግን ትልቅ ነገር አታስቡ። ስፋቱ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፥ 18 ወይም 19 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ ወደ 3.8 ግራም ነው። ሮማውያን ከአንድ የእነርሱ ፓውንድ ብር 84 ዲናር ያወጡ ነበር። እኛ ቤት ያለው ጠገራ ብር 28 ግራም ነው፤ እንግዲህ አንድ ጠገራ ሰባት ዲናር ያህል ይመዝናል ማለት ነው።

አሁን መልኩ። ጌታ ባስተማረበት ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ጢባርዮስ ቄሣር ነበረ፥ ሉቃስ ምዕራፍ 3 ላይ ስሙ አለ። ከ14 እስከ 37 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገዛ። ብዙ ሊቃውንት ለጌታ ያመጡለት ሳንቲም የእርሱ ዲናር ነው ይላሉ። በፊቱ ገጽ የጢባርዮስ ራስ በጎን ታይቶ ተቀርጿል። ጢሙ የተላጨ ነው፥ በራሱ ላይ የቅጠል አክሊል አለ፥ አክሊሉ ከኋላ በጥብጣብ ታስሯል። ይህን ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን የሮም ነገሥታት ጢም አያሳድጉም ነበር። ኔሮን አንዳንዴ ጥቂት ይታይበታል እንጂ ሙሉ ጢም ያለው ንጉሠ ነገሥት በሳንቲም ላይ በቋሚነት መታየት የጀመረው ከሐድርያን ወዲህ ነው፥ እርሱም የገዛው ከ117 እስከ 138 ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጢማም ሰው ያለበት ሳንቲም አምጥቶ በጌታ ዘመን የነበረ የቄሣር ዲናር ነው ቢላችሁ፥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡና አስቡ።

የእኛ እንግዳ ሳንቲም ላይ ያለው ሰው ጢሙ ደረቱ ድረስ ነበር። እኔ ደግሞ እንዴት ደስ አለኝ! ጌታ ራሱ ነው መሰለኝ። የጌታችን ፊት ተሥሎ በሳንቲም ላይ የወጣው እኮ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ በቁስጥንጥንያ ዳግማዊ ዮስጢንያኖስ በመጀመሪያው ዘመነ መንግሥቱ፥ ከ685 እስከ 695 ባለው ጊዜ ውስጥ፥ በወርቅ ሳንቲም ላይ አስቀረጸው።

ወደ ጽሑፉ እንሂድ። የሮማውያን ሳንቲም ዙሪያውን በላቲን ፊደል ይጻፍበታል፥ ሁሉም በትልልቁ ፊደል ነው፥ ቃላቱም ቦታ ስለማይበቃ ይቆረጣሉ። «ኢምፕ» ካያችሁ ኢምፔራቶር ማለት ነው፥ የጦር አዛዥ፥ በኋላም ንጉሠ ነገሥት። «ካይስ» ቄሣር ነው። «አውግ» አውግስጦስ ነው። «ኮስ» ቆንስል የሚባለው የሹመት ስም ነው። በጢባርዮስ ዲናር ላይ ያለው ሲነበብ ጢባርዮስ ቄሣር፥ የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ፥ አውግስጦስ የሚል ነው። ከኋላ አንዲት ሴት በወንበር ተቀምጣለች፥ በአንድ እጇ በትር በሌላው ቅርንጫፍ ይዛለች፤ ብዙዎች የንጉሡ እናት ሊቪያ ናት ይላሉ። በዙሪያዋ «ፖንቲፍ ማክሲም» ይላል፥ ሊቀ ካህናት ማለት ነው።

አያችሁ? አንድ ጎኑ የአምላክ ልጅ ነኝ ይላል፥ ሌላው ጎኑ ሊቀ ካህናት ነኝ ይላል። ይህ ሳንቲም የቀረበው በመቅደሱ አደባባይ፥ እውነተኛው የእግዚአብሔር ልጅና እውነተኛው ሊቀ ካህናት ፊት ነው። ደግሞ ያወጡት እነርሱ ናቸው፥ ከጌታ ኪስ አልወጣም።

ይህን ያህል ስለ መልኩ። ዓመቱን እንዴት እናውቃለን? እዚህ ላይ ነው የእኛ እንግዳ የሳተው። ሮማውያን ንጉሡ የሕዝብ ጠበቃነት ሥልጣን በየዓመቱ ሲታደስለት ቁጥሩን ይጽፉ ነበር፥ ስንተኛ ጊዜ ቆንስል እንደሆነም ይጽፋሉ። ያንን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ሳንቲሙ በየትኛው ዓመት እንደተመታ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ቁጥሩም በላቲን ፊደል ነው፤ አምስት እንደ ባላ እንጨት የተሰነጠቀው ፊደል ነው፥ አሥር እንደ ተጋደመ መስቀል ነው። ዛሬ ስልካችን ላይ የምንነካቸው ቁጥሮች በዚያ ዘመን ሮም ውስጥ አልነበሩም።

የእንግዳው ሳንቲም ከአንገቱ በታች ምን ተጽፎባት ነበር መሰላችሁ? 33። ቁልጭ ያለ፥ በዛሬ ቁጥር። ሰውዬው «ጌታ የተሰቀለበት ዓመት» ብሎ በጣቱ አሳየኝ፥ እኔም ሃሌሉያ አልኩ። ወገኖቼ፥ ጢባርዮስ የሚገዛበትን ዓመት 33 ብሎ የሚጠራ አንድም ሰው በምድር ላይ አልነበረም! ከጌታ ልደት ጀምሮ ዓመት መቁጠርን ዲዮናስዮስ የሚባል መነኩሴ ሮም ከተማ ተቀምጦ ያሰላው በ525 ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ አቆጣጠር አስቀድሞ ያወቀ ሳንቲም ነው የያዝኩት።

ክብደቱና የብሩ ጥራት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው፥ እርሱን ትንሽ ላብራራ፤ የነገሥታትን ጠባይ ስለሚያሳይ ደስ ይለኛል። ኔሮን በ64፥ ሮም በተቃጠለችበት ዓመት፥ ዲናሩን አቀለለው፤ ከአንድ ፓውንድ 84 መሆኑ ቀርቶ 96 እንዲወጣ አደረገ፥ ብሩንም ቀላቀለበት። ጳውሎስ ወደ ቄሣር ይግባኝ ያለው ለዚሁ ሰውዬ ነው። ከዚያ የመጡትም ጦር በጎደለባቸው ቁጥር መዳብ ይጨምራሉ። ሴፕቲሚዮስ ሴቬሩስ ሲነግሥ፥ በ190ዎቹ፥ ብሩ ወደ ግማሽ ወረደ። ልጁ ካራካላ በ215 አዲስ ሳንቲም አወጣ፤ በራሱ ላይ የቅጠል አክሊል ሳይሆን የፀሐይ ጨረር የሚመስል ሾጣጣ አክሊል ደፍቷል። ዋጋው ሁለት ዲናር ነው ተብሎ ይታሰባል፥ ብሩ ግን የአንድ ዲናር ተኩል ያህል ነው። ገብቷችኋል አይደል? ግማሽ ዲናር በመንገድ ጠፋ። በጋሊየኑስ ጊዜ፥ በ260ዎቹ፥ ከመቶው ጥቂት እጅ ብቻ ብር ቀረ፤ መዳብ ላይ ብር ይቀባል፥ ሲነካካ ይለቅና ቀይ ይሆናል። ስለዚህ ሾጣጣ አክሊል ያለበት፥ የብር ቅቡ ለቆ ቀላ ያለ ሳንቲም ያየ ሰው ምናልባት ከ215 ወዲህ ነው ብሎ መገመት ይችላል። በ294 ዲዮቅልጥያኖስ እንደገና ንጹሕ ብር አስመታ፥ ልክ እንደ ኔሮን 96ን ለፓውንድ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፥ በ303፥ ክርስቲያኖችን ማሳደድ የጀመረው እርሱ ነው። ገንዘቡን አስተካከለ፥ ሰውን አጠፋ።

ደግሞ አንድ ላልተው የማልችለው ሳንቲም አለ። ኢየሩሳሌም በ70 ከጠፋች በኋላ አስጳስያኖስ አዲስ ዲናር አስመታ፤ በጀርባው አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፥ ከሥሯም «ይሁዳ» የሚል ስም አለ። ጌታ በሉቃስ ምዕራፍ 19 ስለዚያች ከተማ ያለቀሰውን ታስታውሳላችሁ። ሮማውያን ግን ለቅሶዋን ለገበያ አወጡት።

እንግዲህ አንዳንዶቻችሁ ይህ ሁሉ ከኢትዮጵያ ምን ያገናኘዋል ትሉ ይሆናል። ያገናኘዋል እንጂ! በመጀመሪያው መቶ ዓመት አንድ በግሪክ የጻፈ ነጋዴ የቀይ ባሕርን ወደቦች ሲዘረዝር ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ጥቂት ዲናርን ቆጥሯል፥ በዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች መገበያያ እንዲሆን። ከአዱሊስ የሚወጣው የዝሆን ጥርስ ነው፥ የአውራሪስ ቀንድ ነው። የአውግስጦስና የጢባርዮስ ዲናር በህንድ ምድር በብዛት ተቀብሮ ተገኝቷል፤ ያ ሁሉ የቀይ ባሕርን መንገድ ተከትሎ የሄደ ነው። መጠራ በሚባለው የአክሱም ዘመን ከተማ፥ ዛሬ በኤርትራ ነው፥ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ ሲቆፈር 14 የሮማውያን የወርቅ ሳንቲሞች ማንጠልጠያ ተሠርቶላቸው እንደ ጌጥ ተገኙ። እናቶቻችን ጠገራን በአንገታቸው እንደሚያስሩት ማለት ነው!

አክሱማውያን ራሳቸውም ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምረው በወርቅ፥ በብርና በመዳብ ገንዘብ መቱ፤ የመጀመሪያው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። በብር ሳንቲሞቻቸው ላይ የወርቅ ቅብ ያደርጉ ነበር፥ ይህ የእነርሱ ልዩ ጥበብ ነው። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ አናት ላይ የነበረውን ጨረቃና ክብ ትቶ መስቀል አደረገበት። ማንም ሳይሰብክለት ገበያ የሄደ ሰው ሁሉ ንጉሡ ማንን እንደሚያመልክ በመዳፉ ያይ ነበር።

አሁን ወደ ያዮ እንመለስ፥ ሰውዬው አሁንም ጓዳ ተቀምጦ ቡና እየጠጣ ነው።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ገንዘቡ በፌስታል ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ቡናውን ያፈሉት የማኅበራችን አንዲት እናት ናቸው፥ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያልፋል። ስማቸውን አልጠራም፥ እንዳይቆጡኝ። ሲኒ ሊያነሱ ሲመጡ ሳንቲሟን አዩ።

«ልጄ፥ እስቲ አሳየኝ» አሉኝ።

«እማማ፥ የጌታችን ዲናር ናት» አልኳቸው።

በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ አደረጓት። ከዚያ ወደ ምድጃው ድንጋይ ሄደው ጣል አደረጓት። ጠቅ ብላ ዝም አለች። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው የራሳቸውን ጠገራ አወጡና እርሷንም ጣሉ። ያቺኛዋ ድምፅዋ ረዘም ብሎ እንደ ደወል ሄደ።

«ይቺ ብር አይደለችም» አሉ። «አባቴ ጎሬ ቡና ሲሸጥ ሦስት ነገር ያይ ነበር። ድምፅዋን ይሰማል፥ የሴትየዋን ትከሻ ጌጥ ያያል፥ ከራሷ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በጥፍሩ ይቆጥራል። አንዲት ነጠብጣብ ከጠፋች አይቀበልም። እናንተ ምን ቆጠራችሁ?»

ምን ቆጠርን? እኔ ገንዘቡን ነው የቆጠርኩት።

ከወጣቶቹ አንዱ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይዞ መጣ። በሬዲዮ ለማገለግል ለእኔ ይህ እንዴት ያለ ተግሣጽ ነው! ማግኔቱን ሲያስጠጋው የጌታ ዲናር የተባለችው ዘልላ ተለጠፈች። ብር በማግኔት አይሳብም። ብረት ነበረች፥ ከላይ ነጭ ነገር የተቀባች። ሰውዬውን ዞር ብለን ስንፈልገው ሲኒው ብቻ ቀርቷል። በበደሌ መኪና እንደሄደ ኋላ ሰማን።

ነገር ግን ውድ አንባቢ ሆይ፥ ማግኔት ብቻ አይበቃህም። መዳብም፥ ነሐስም፥ እርሳስም በማግኔት አይሳቡም። በጥንት ጊዜ እንኳ ውስጡ መዳብ ሆኖ በብር ቆዳ የተሸፈነ የሐሰት ዲናር ይሠራ ነበር፤ ከዚህ የተነሣ የገንዘብ ለዋጮች በጠርዙ ላይ በስለት ጫር ያደርጉ ነበር፥ እስከ ዛሬ ያ ጭረት ያለባቸው ይገኛሉ። እውነተኛው የተሠራው ብሩ በሁለት ቅርጽ መካከል ተቀምጦ በመዶሻ ተመትቶ ነው፤ ስለዚህ ክቡ ፍጹም አይደለም፥ ሥዕሉም አንዳንዴ ወደ አንድ ጎን ያመልጣል፥ ጠርዙ በምቱ ይሰነጠቃል። ቀልጦ ከፈሰሰ ግን በጠርዙ ዙሪያ የስፌት የመሰለ መስመር ይታያል፥ ፊቱም ላይ አየር የተወው ቀዳዳ አለ፥ ፊደሎቹ እንደ ተልባ ሙጫ የለሰለሱ ናቸው። የቡና ሚዛናችን ለዚህ አይሆንም፥ የአንጥረኛ ሚዛን ነው የሚያስፈልገው፤ አራት ግራም የማይሞላን ነገር የኪሎ ሚዛን አያየውም።

ሌላም ልጨምር። ይሁዳ ስለ ተቀበለው ሠላሳ ብር እያወሩ የሮማውያን ዲናር የሚሸጡ አሉ። ብዙ ሊቃውንት ያ የጢሮስ ከተማ ብር ነው ይላሉ፤ 14 ግራም ያህል ይመዝናል፥ በአንድ በኩል የጣዖት ራስ በሌላው ንስር አለበት፥ የመቅደሱም ግብር የሚከፈለው በእርሱ ነበር። የመበለቲቱም ሳንቲም መዳብ እንጂ ብር አይደለም። እውነተኛ ጥንታዊ ሳንቲም እርሻችሁ ውስጥ ብታገኙ ደግሞ በአሸዋ አታሹት፥ አትሽጡትም። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል። ወደ ወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

በሚቀጥለው እሑድ መድረክ ላይ ቆሜ ምን እንዳደረግኩ ተናገርኩ። በር ተከፍቷል ያልኩት እኔ ነኝ፥ እግዚአብሔር አላለም። አንዲት እህት አለቀሰች፤ የዶሮዋ ገንዘብ ነበረበትና። ሽማግሌዎቹ ከእንግዲህ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ ከገንዘቡ ምንም እንዳይወጣ ወሰኑ፥ ከሦስቱ አንዱ እኔ እንዳልሆን እኔው ጠየቅኩ።

ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ እናቲቱ ቤት ሄድኩ። ጠገራቸውን አውጥተው «አንተ ፊደል ታውቃለህ፥ እስቲ በዙሪያዋ ያለውን አንብብልኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይዣት ማንም አላነበበልኝም» አሉኝ።

ይህች ብር ታሪኳ ረጅም ነው። ማርያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች፥ በኅዳር 1780 እ.ኤ.አ ሞተች፤ ከሞተች በኋላም ብሯ በዚያው ዓመተ ምሕረት መመታቱን ቀጠለ። ከኢሉባቦር ቡና በጎሬ በኩል ጋምቤላ ወርዶ፥ በክረምት ባሮ ሲሞላ በመርከብ ወደ ሱዳን ሲሄድ፥ ገበሬው የሚቀበለው ይህን ብር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም የራሳቸውን ብር ቢያወጡም ጠገራው ከገበያ አልወጣም። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲነሣ ይህን አውቆ በ1935 እ.ኤ.አ ቅርጹን ከቪየና አስመጥቶ ሮም ውስጥ አስመታው። ከዚያ ለንደንም፥ ፓሪስም፥ ብራስልስም፥ ቦምቤይም መቱት፥ ሁሉም 1780 እያሉ። የእናቲቱ አባት የተቀበሏት በጣሊያን ጊዜ ነው። ጣሊያኖች ጎሬን በ1936 እ.ኤ.አ መጨረሻ ገብተው ቡናውን በወረቀት ሊሬ ሊገዙ ሲሉ አባታቸው ወረቀት አልቀበልም ብለው ብሩን አስቆጥረው ወሰዱ።

ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ ጠርዟን አዞርኩና አነበብኩላቸው፤ ፍትሕና ምሕረት ይላል። ከዚያ የፊቷን ጀመርኩ። ማርያ ቴሬዛ፥ በእግዚአብሔር ጸጋ፥ ቀጥሎ ደግሞ «ኢምፕ» የሚለው ቃል ራሱ አለ! ከፊቱ ያለው ፊደል የሮማውያን ማለት ነው። የሮማውያን ንግሥተ ነገሥት፥ የሃንጋሪና የቦሄሚያ ንግሥት።

«እንግዲህ የቄሣር ብር ናት» አልኳቸው።

ከእጄ ወሰዷት። በነጠላቸው ጠርዝ ጠረጓትና ነጠብጣቦቹን በጥፍራቸው ቆጠሩ፥ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቋጥረው መልሰው ወደ ደረታቸው አስገቧት።

«አባቴ ግብሩን ከፍሏል» አሉ። «ይቺ የእኔ ናት። በል ቡናው ሳይበርድ ጠጣ።»